በበሬ የተሰደዱ፣ በሬ ሸጠን የምንሰደድ

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን ከወልዲያ የላከልኝ መልእክት ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። «ጋሼ፣ አንተ የአሜሪካን መንገድ ሁሉ ታውቀው የለም? ከብራዚል ተነሥቶ በጫካ በኩል የሚያስገባ አቋራጭ አለ የሚል ሰው አግኝተናል፤ አባባም በሬዎቹን ለመሸጥ እሺ ብለዋል፤ ምን ትላለህ?» ይላል። ትራክ ስለምነዳ ከፓናማ ጫካ እስከ አላስካ በረዶ ያለውን መንገድ ሁሉ የማውቅ መስሎታል። አልፈርድበትም፤ አገር ቤት ያለ ሰው ስለ አሜሪካ የሚያውቀው እኛ የላክንለትን ፎቶግራፍ ነው፤ እኛ ደግሞ ፎቶግራፍ የምንነሣው የሰው መኪና ተደግፈን ነው። ጉዳዩ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ይህንኑ የሚጠይቁ ሌሎችም ብዙ ስለሆኑ፣ መልሴን በጽሑፍ ማስፈር መረጥሁ።

እኔ አሳምሬ የማውቀው መንገድ ከኦማሃ ተነሥቶ የፕላትን ወንዝ እየተከተለ የነብራስካን ሜዳ የሚያቋርጠውና በዋዮሚንግ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ሃይዌይ 80 ነው። ይህ አስፋልት ከመነጠፉ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከ1840ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የምሥራቁና የምዕራቡ የባቡር ሐዲድ በ1869 እስኪገናኝ ድረስ፣ ቁጥራቸው ከ300,000 በላይ እንደሚሆን የሚገመት ስደተኞች በዚሁ ሸለቆ አልፈው ኦሪገን፣ ካሊፎርኒያና ዩታ ገብተዋል። ፊልም ያየ ሰው በፈረስ የሚጋልብ ጎበዝ ይታየዋል፤ አብዛኛውን ጋሪ የጎተተው ግን በሬ ነው። ሸራ የለበሰችው ጋሪ ጠባብ ከመሆኗም በላይ በዱቄት፣ በአሳማ ሥጋ፣ በቡናና በስኳር ስለምትሞላ፣ ከበሽተኛና ከሕፃን በቀር እምብዛም የሚሳፈርባት አልነበረም፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በበሬዎቹ ጎን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሲቀናቸው በቀን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ፤ ከሚዙሪ እስከ ኦሪገን ያለውን 3,200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ለመጨረስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅባቸው ነበር። የሚነሡትም በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ ነው፤ ቀደም ቢሉ ለበሬው ሣር አልበቀለም፣ ቢዘገዩ ደግሞ ተራራው ላይ በረዶ ይጠብቃቸዋል። የወሎ ገበሬ ይህን ስሌት ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

የደኸየ ሰው ይህን መንገድ በቀላሉ አይሞክረውም፤ ጋሪውን፣ ሁለት ሦስት ጥማድ በሬውንና የመንፈቅ ስንቁን የሚገዛበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። የእኛም ስደት እንዲሁ ነው፤ ምንም የሌለው ሰው ለደላላ የሚከፍለው የለውም። ልዩነቱ እነሱ በበሬ ሲሰደዱ እኛ በሬውን ሸጠን መሰደዳችን ነው። እነሱ ሲደርሱ፣ በመንገድ ካልሞተባቸው፣ የሚያርሱበት በሬ አብሯቸው ይደርሳል፤ እኛ ስንደርስ አብሮን የሚደርሰው ዕዳው ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ነብራስካ ውስጥ ጭነት እስኪራገፍልኝ ድረስ ጊዜ ለማሳለፍ ወደ አንድ ቤተ መዘክር ገብቼ ነበር፤ እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶለት፣ እንደ ነገሥታት ዘውድ በክብር የተቀመጠ ኩበት አየሁ። ክብ ነው፤ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ ያልተፈጨ የሣር ጭራሮ ከላዩ ብቅ ብቅ ብሏል፤ የጎሽ ኩበት ነው። የፕላት ሜዳ ዛፍ የማይገኝበት ስለነበረ፣ ስደተኞቹ ምግባቸውን የሚያበስሉት ሜዳው ላይ የደረቀ የጎሽ ፋንድያ ለቅመው ነበር፤ ከምሥራቅ ከተሞች የመጡት ወይዛዝርት በመጀመሪያ እየተጸየፉ በጓንት ወይም በእንጨት ያነሡት የነበረውን፣ ትንሽ ሰንበት ሲሉ በባዶ እጃቸው እየለቀሙ በሽርጣቸው ይሸከሙት ጀመር። አስጎብኚዋ ደግ አሮጊት ነበሩ፤ ወደ ሣጥኑ እያመለከቱ «በዚህ ዳቦ ይጋግሩ ነበር፤ ማመን ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ፣ የአያቶቻቸው ጀግንነት በፊታቸው ላይ እያበራ።

እኔ በኩበት በተጋገረ እንጀራ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ከቤታችን ጀርባ ስትደረድር አጠገቧ ቆሜ አቀብላት ነበር። ይህን ለሴትዮዋ መናገር ሲገባኝ ራሴን ነቅንቄ ዝም አልሁ፤ ያዘኝ የምለው ሌላ ነገር የለም፣ ሐፍረት ነው። የእነሱ ቅድመ አያት ኩበት ለቀመች ተብሎ ለትምህርት ቤት ልጆች ይተረካል፤ የእኛ ሰው ግን ዲሲና ሲያትል ሠርግ ላይ ሲቀመጥ ቤተሰቡ ሁሉ ባለ ርስት ነበር፣ ኩበት የለቀመ አንድም ሰው አይገኝም። እነሱንም ቢሆን አልተዋቸውም፤ የጎሽ ኩበት በመስታወት የሚያከብር ሕዝብ፣ እኔ ቡና ስቆላ ጢስ ወጣ ብሎ እሳት አደጋ ይጠራብኛል።

የወንድሜ ልጅ ሕንዶቹ (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች) መንገደኛውን ይፈጁት እንደነበር ፊልም ላይ አይቷል። ስደተኛውን ከሁሉ በላይ የጨረሰው ግን በተለይ ከ1849 ጀምሮ በመንገዱ የተዛመተው ኮሌራ ነው፤ ቀጥሎም ወንዝ ሲሻገሩ መስጠምና በራሳቸው ጠመንጃ መቁሰል ነበር። ከ1840 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት በሕንዶች እጅ ተገደሉ ተብለው በአንድ የታሪክ ሊቅ የተቆጠሩት ስደተኞች 400 አይሞሉም፤ በስደተኞቹ እጅ የተገደሉት ሕንዶች ከዚያ ይበልጣሉ። ባዶ መሬት ነው ተብሎ የተነገረላቸው አገርም የፖኒ፣ የላኮታና የሾሾኒ ሕዝቦች አገር ነበር።

አሁን ወደ አቋራጩ ልምጣ። ላንስፎርድ ሄስቲንግስ የተባለ ወጣት የሕግ ሰው በ1845 ለስደተኞች መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ሥጋ ያዙ ብሎ የመከረው ምክር መልካም ነበር። ነገር ግን በታላቁ የጨው ሐይቅ ደቡብ በኩል ወደ ካሊፎርኒያ የሚያሳጥር መንገድ አለ ብሎም ጻፈ፤ ይህን ሲጽፍ በዚያ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ አልሄደበትም። ካሊፎርኒያን በአሜሪካውያን ለመሙላትና በዚያው የራሱን ዕድል ለማበጀት ይፈልግ ነበር። የእኛን ደላሎች የሚያውቅ ሰው ሄስቲንግስን ለማወቅ አይቸገርም፤ ደላላ የሚሸጠው መድረሱን ነው፣ መሄዱ የመንገደኛው ነው።

በ1846 የዶነርና የሪድ ቤተሰቦች ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን አቋራጭ መረጡ። ጄምስ ሪድ ማስጠንቀቂያ አጥቶ አይደለም፤ ጄምስ ክላይማን የተባለ፣ በምዕራብ ተራሮች እንስሳ እያጠመደ የኖረ ሰው ያንኑ መንገድ ከካሊፎርኒያ በኩል በፈረስ አቋርጦ መምጣቱ ነበርና፣ በመንገዱ ላይ ባለው የንግድ ምሽግ፣ በፎርት ላራሚ፣ አግኝቶት የተለመደውን የጋሪ መንገድ እንዳትለቅ ብሎ መክሮታል። ሪድ ግን የሚቀርብ መንገድ እያለ ዙሪያውን መሄድ ምን ያደርጋል ብሎ መጽሐፉን አመነ። በዋሳች ተራሮች ለጋሪ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ዛፍ እየቆረጡ ብዙ ቀን አባከኑ፤ በሁለት ቀን ይታለፋል የተባለው የጨው በረሃ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ወሰደባቸው፤ በውኃ ጥም ያበዱ በሬዎች ሸሽተው ጠፉ። እኔ ያንን በረሃ በሃይዌይ 80 መስኮት ዘግቼ፣ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቼ አልፈዋለሁ፤ ነጩን ሜዳ ሳየው እንኳ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ሴራ ኔቫዳ ተራራ ሥር ሲደርሱ በረዶው ቀድሟቸው መተላለፊያውን ዘግቶ ጠበቃቸው። አቋራጩን ከያዙት 87 ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት አለቁ፤ ከተረፉትም መካከል የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተው የተረፉ አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የምወዳት ቨርጂኒያ ሪድን ነው። የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ መከራ ወጥታ ካሊፎርኒያ በደረሰች ጊዜ፣ በ1847፣ ወደ ኋላ ለቀረችው የአክስቷ ልጅ ደብዳቤ ጻፈች። የደረሰባቸውን አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ይህ ደብዳቤ ማንንም ተስፋ እንዳያስቆርጥ፣ ግን በጭራሽ አቋራጭ እንዳትይዙ፣ በተቻላችሁ ፍጥነት ገስግሱ ብላ ደመደመች። ሄስቲንግስስ ምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ምንም አልሆነም፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተሸነፉትን የደቡብ ሰዎች ወደ ብራዚል ለማስፈር ተነሣ፤ ለዚያም እንደ ልማዱ መምሪያ ጻፈ፤ በ1870 ገደማ የሞተውም ሰፋሪዎችን ወደ ብራዚል በማጓጓዝ ላይ ሳለ ነው።

ከእኛ መካከል ቨርጂኒያ ሪድ የጻፈችውን ዓይነት ደብዳቤ ለአክስቱ ልጅ የጻፈ ማን ነው? ከኮሎምቢያ ወደ ፓናማ በዳሪየን ጫካ ተሻግረው የመጡ ወገኖቼን አውቃለሁ፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ ማንን ትተው እንዳለፉ፣ እህቶቻችን ምን እንደደረሰባቸው ለአገር ቤት የነገረ አላጋጠመኝም። የምንነግራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ገባሁ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ደላላው ይጨርስልናል።

እኔ ራሴ ከዝምተኞቹ አንዱ ነኝና የራሴን ልጀምር። አገሬ ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ፤ ክፍል ስገባ ተማሪ ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር። እዚህ ገላዬን ለመታጠብ በመጀመሪያ ናፍጣ መቅዳት አለብኝ፤ ናፍጣው ነጥብ ያስገኛል፣ ነጥቡ የሻወር ቁጥር ያስገኛል። ከዚያ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳሙናዬን በፌስታል ይዤ፣ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ በድምፅ ማጉያ ቁጥሬ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ቁጥሩ ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል፤ የአርባ ዓመት አባወራ እንደ ወተት ተራ ጠባቂ ልጅ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ገንዘቡ ደህና ነው፣ ሥራውም የተከበረ ነው፤ ይህቺ ግን ትቆጠቁጠኛለች፣ ለወንድሜም ነግሬው አላውቅም።

እንግዲህ ለመምጣት የምታስቡ፣ ቀሩ ብዬ ለመምከር አፍ የለኝም፤ እኔ በልቼ እናንተን ጹሙ ማለት ይሆንብኛል። የምለው፣ መንገድ የሚሸጥላችሁን ሰው ስለ መንገዱ አትጠይቁት፤ እንደ ክላይማን ሄዶበት የተመለሰውን ፈልጉ፤ እሱ የሚናገረው ባይጥማችሁም እስከ መጨረሻው አድምጡት። ሁላችሁም የምትጠይቁት በየት በኩል እንደሚገባ ነው፤ ከገቡ በኋላ ሕጉ ምን ብሎ እንደሚቀበላችሁ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ጉዳያችሁ በዳኛ ፊት እስኪቀርብ ዓመታት እየተንከባለሉ ሊያልፉ የሚችሉበት አገር ነው።

ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1844 ከሚዙሪ ከተነሡት መካከል ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው ነበረ (ከፕሬዚዳንቶቹ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው)። ገንዘብ ስለነበረው ለሌሎች ተጓዦች ጭምር ተርፏል። በዚያው ዓመት ግን የኦሪገን ጊዜያዊ መንግሥት ጥቁሮች እንዳይሰፍሩ የሚከለክል፣ አልወጣም ያለም በጅራፍ እንዲገረፍ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ቡሽ ከነባልደረቦቹ ከኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ሰሜን ተሻግሮ፣ በዋሽንግተን ስቴት ዛሬ ተምዋተር በተባለችው ከተማ አጠገብ እርሻ አቀና። በ1850 ኮንግሬስ ለሰፋሪዎች መሬት ሲያድል፣ ባልና ሚስት ለሆኑ ነጮች 640 ኤከር ተፈቀደ፤ ለጥቁር አልተፈቀደም። በ1852 እህል ጠፍቶ ነጋዴዎች የፈለገውን ያህል ሊከፍሉት ሲለምኑት፣ ለነጋዴ አልሸጥም ብሎ ለተራቡት ጎረቤቶቹ አከፋፈለ። ጎረቤቶቹ ውለታውን አልረሱም፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ለኮንግሬስ አቤት አለለት፤ በ1855 በልዩ ሕግ 640 ኤከሩ ጸደቀለት። ከሚዙሪ በተነሣ በ11ኛው ዓመት መሆኑ ነው። በ1863 ሲሞት ግን የመምረጥ መብት አልነበረውም፤ ዋሽንግተን በ1889 ስቴት ስትሆን ለመጀመሪያው ምክር ቤት የተመረጠው የበኩር ልጁ ዊልያም ኦወን ቡሽ ነው።