ፍሬን የሌለው ሳይክሌ ፎቶ

ባለፈው ሳምንት የሳይክሌን ፎቶ ለጠፍኩ። ባሕር ዳር አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ወዲያው ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ ደኅና ነህ? ጀርመን ስድስት ዓመት ኖረህ ማርሽ የሌለው ሳይክል? ፍሬኑስ የት ሄደ? መኪናውስ መቼ ነው?» ሌሎቹ ከሥሩ ሳቁ። አንዱማ «ካጠረህ እናዋጣልህ» አለ። ማታ እናቴ በእህቴ ስልክ ደወለች። ፎቶውን አሳይተዋታል። «ልጄ፣ እዚያ ድረስ ሄደህም በእግርህ ነው የምትዘውረው?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ሐዘን ነበር። ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሳይክልን ከእግሩ ለይቶ አያየውም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዳር ዘንባባ አለ፣ መምህሩም ልብስ ሰፊውም ተማሪዋም በሳይክል ነው የሚሄዱት። እኔ የጀመርኩት በኪራይ ነው። ሩብ ሰዓት በሳንቲም። እግሬ ፔዳሉ ጋ ስለማይደርስ በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ ነበር የምነዳው። ይህን ያላደረገ የሰፈራችን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ መላላክ ጀመርኩ። ጋሼ ነበር የምለው። ካላማዳሪያውን ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ ሲነክረው፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። የተጣመመ ቸርኬ ማቅናት፣ ኩሽኔታ አጥቦ ግራሶ መቀባት፣ የተበጠሰ ሰንሰለት በምስማርና በመዶሻ መቀጠል፣ ሁሉንም ከእሱ ተማርኩ። ፍሬን የሚባል ነገር ግን ብዙ አላየሁም። የኪራይ ሳይክል ፍሬን አልነበረውማ። ከቤዛዊት ቁልቁል ስንወርድ ኮንጎ ጫማችንን የኋላ ጎማው ላይ ጭነን ነበር የምናቆመው። የሚቃጠለው የላስቲክ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እናቴ ማታ የጫማዬን ሶል ገልብጣ አይታ ነበር የምትገርፈኝ።

እንዴት ጀርመን እንደገባሁ አልነግራችሁም፣ መንገዱን ሁላችሁም ሰምታችሁታል። በርሊን ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ከተማዋ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። መጀመሪያ ልቤን ያሳረፈው ይኼ ነው። ሁለተኛው ያየኋቸው ሳይክሎች ናቸው። ቀጭን፣ ባዶ፣ ማርሽ የለ፣ ፓራፋንጎ የለ፣ ሽቦ የለ። የድሃ ሳይክል መሰለኝ። አንዱን የሥራ ባልደረባዬን ስንት እንደገዛው ስጠይቀው የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የምናውቀው ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ፔዳሉን ስታቆምለት ተክ ተክ ተክ እያለ በራሱ ይሄዳል። ይኼ ሲንግል ስፒድ ነው። ፊክስድ የሚሉት ግን ያ ተክ ተክ የለውም። ሰንሰለቱ የሚያዞረው የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የታሰረ ነው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ እግርህም አብሮ። ልረፍ ብትል አይፈቅድልህም። ለማቆም ፔዳሉን በእግርህ ወደ ኋላ መያዝ አለብህ። ፈረስ በለው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ይገባዋል። ፈረሱ አንተ ስለደከምክ አይቆምም፣ ልጓሙን ስትይዝ ነው የሚቆመው።

አዲስ ነገርም አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ በሚሉት የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ላይ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ተራራው ሥር ወርዶ፣ የኋላ ጎማውን ፈትቶና ገልብጦ፣ በሌላኛው በኩል ባለው ጥርስ ነበር ዳገቱን የሚወጣው። ጃፓኖች ደግሞ ከ1948 ጀምሮ ኬይሪን የሚሉት ውድድር አላቸው። ሰው ገንዘብ አስይዞ ይወራረድበታል፣ ሳይክሎቹ እስከ ዛሬ ፊክስድ ናቸው፣ ፍሬን የላቸውም። በርሊን ራሷ በ1909 አዳራሽ ውስጥ ለስድስት ቀን የሚነዳበት ውድድር አዘጋጅታለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እየቆየሁ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይኼ የእኔ ሳይክል ነው፣ በእጄ እሠራዋለሁ።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የብረት ፍሬም በ40 ዩሮ ገዛሁ። ዝገቱን ለሦስት ምሽት በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። የአደይ አበባ ቢጫ ቀባሁት። ቀለሙ ቤት ውስጥ ሸትቶ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ መስኮት ከፍቶ በካፖርት ተኛ። ከፊት 48 ጥርስ፣ ከኋላ 16 ጥርስ አስገባሁ። የኮርቻውን ቆዳ ራሴ ሰፋሁት። ጋሼ ቢያየኝ ብዬ ያላሰብኩበት ቀን የለም።

ጥፋቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የፊክስድ ጎማ መሐሉ ላይ ሁለት ፊሌት፣ እንደ ብሎን የሚጠብቅ ጥምዝ፣ አለው። ጥርሱ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ከእሱ በላይ ደግሞ ወደ ግራ የሚጠብቅ ቀለበት ይታሰራል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትይዝ ጥርሱ ሊፈታ ይፈልጋል፣ ቀለበቱ ግን በተቃራኒ የተሠራ ስለሆነ አያስኬደውም። እንዲህ ያለው ጎማ ሲሸጥ ዋጋውን አየሁ። የሁለት ሌሊት ደሞዝ ነው። እኔ ደግሞ አሮጌ ጎማ ነበረኝ። ጥርሱን አጥብቄ አሰርኩት፣ በማጣበቂያ ደፈንኩት፣ ያለ ቀለበት። የዕቃ ሻጩ ልጅ «ይኼ አደገኛ ነው» ብሎኝ ነበር። ሳይክል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠግን ነው የኖርኩት ብዬ አልሰማሁትም።

እሑድ ቴምፕልሆፍ ሄድኩ። የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ በፈረንጆቹ 2008 ተዘግቶ በ2010 ለሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ማኮብኮቢያው 2 ኪሎ ሜትር ያህላል፣ መኪና የለበትም። የፊክስድ ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ሳይክላቸውን ያሳያሉ። ፈረንጅ ነገሩን ሲይዝ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ፎቶ የሚነሣው ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል ነው። ፔዳሉ በልክ ይቀመጣል። የሁለቱ ጎማ መንፊያ ሳይቀር አንድ ቦታ ላይ መሆን አለበት። መጀመሪያ ሞኝነት መሰለኝ። ከዚያ የእኛ ሰው ለጥምቀት ፈረሱን ሲያስጌጥ፣ እኛም ልጆች ሆነን ሽቦው መሐል ባለቀለም ወረቀት ስንጠቀልል ትዝ አለኝ። ሰው በእጁ ያሳመረውን ነገር ሰው እንዲያይለት ይወዳል፤ እዚህም እዚያም። የእኔን ቢጫ ዙሪያውን ከበው አዩት። «ማን ሠራው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን «እኔ» ያልኩበት ጊዜ አልነበረም። የለጠፍኩት ፎቶ በዚያች ሰዓት የተነሣ ነው።

ከሰዓት በኋላ የመንሸራተት ውድድር ሆነ። በፍጥነት መጥተህ ወደ መሪው ትደፋለህ፣ የኋላው ጎማ ቀለል ሲል እግርህን ትቆልፋለህ፣ ጎማው ዞሮ መሄዱን ትቶ እየተጎተተ ይንሸራተታል። ብዙ የተንሸራተተ ያሸንፋል። ተራዬ ደረሰ። መጣሁ፣ ተደፋሁ፣ ቆለፍኩ። ጥርሱ ቀጭ ብሎ ተፈታ። እግሬ ባዶውን ወደ ኋላ ተሽከረከረ። ሳላስብ፣ እንደ ልጅነቴ፣ ጫማዬን ወደ ኋላ ጎማው ሰደድኩ። እንዲህ ያለው ፍሬም ግን ጎማው ከብረቱ ጋር ሊነካካ የቀረበ ነው፣ ጫማ አያስገባም። ክርኔና ጉንጬ አስፋልቱ ላይ ተላጉ፤ ሳይክሉ ተገልብጦ ከእኔ አልፎ ሄደ።

ሣሩ ላይ ያገሬ ሰዎች ጀበና ጥደው ነበር። አንዲት እናት «በስመ አብ! ልጄን! ልጄን!» እያሉ ሮጠው መጡ። ክርኔን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። በአነጋገሬ የጎጃም ልጅ መሆኔን አወቁ፣ እሳቸው የዳንግላ ናቸው። «የባሕር ዳር ልጅ ሆነህ ከሳይክል ትወድቃለህ?» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት። እሱን ቻልኩት።

ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አንድ ወጣት ጀርመናዊ ውኃ ይዞልኝ መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ቃላቱን እየለያየ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት፣ «ሳይክል ስትነዳ የመጀመሪያህ ነው? በአገርህ የለም አይደል?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ልነግረው የምችለው ብዙ ነበር። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ገብረማርያም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። እኔ ራሴ መንዳት የተማርኩት እግሬ ፔዳል ሳይደርስ ነው። አንዱም ከአፌ አልወጣም። ጀርመንኛው ጠፋኝ። ሁሉም ሰው እያየኝ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «የመጀመሪያዬ ነው።»

ክርኔ በሁለት ሳምንት ዳነ። ያቺ «አዎ» ግን ሌሊት ካርቶን ስደረድር ትመጣብኛለች። ጋሼን የካድኩት ይመስለኛል። ሳፋውን፣ ቤዛዊትን፣ የተገረፍኩበትን ጫማ ሁሉ።

ቀለበት ያለውን ጎማ ገዛሁ። የኋላውን ጥርስም ከ16 ወደ 17 ቀየርኩ። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ስለሚመጣ ስትንሸራተት ሁልጊዜ የጎማው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚበላው፤ 17 ስታደርገው 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል፣ ጎማህ ይቆያል። ፍሬንም ከፊትም ከኋላም አስገባሁ። የጀርመን ሕግ እርስ በርስ የማይገናኙ 2 ፍሬኖች፣ ደወልና መብራት ይጠይቃል። በፈረንጆቹ 2009 የበርሊን ፖሊስ ፍሬን የሌላቸውን ፊክስዶች ይወርስ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍሬኑ የት ሄደ ላልከኝ፣ አሁን አለው።

ከወር በኋላ ያንን ውኃ ያመጣልኝን ጀርመናዊ እዚያው ሜዳ አገኘሁት። በሰባራ ጀርመንኛ ነገርኩት። የዋሸሁትን፣ ከዚያ ስለ ቤዛዊት ቁልቁለት። ጫማ ጎማው ላይ ስለመጫን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። አሳየኝ አለ፣ በሌላ ሰው ሰፊ ሳይክል አሳየሁት። ሽታው ያው ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች ከዚህ አንድ ነገር ያዙ። በሬ ሸጣችሁ፣ መሬት አስይዛችሁ ለደላላ ከመስጠታችሁ በፊት እጃችሁን ሥራ አስተምሩት። ብየዳ ይሁን፣ ቧንቧ ይሁን፣ ልብስ ስፌት። እዚህ ስትደርሱ የምታውቁትን እንደማታውቁት ይቆጥሩባችኋል። ወረቀት ያልያዘ እውቀት ዜሮ ነው፣ ለመቆጣት አቅም እስክታጡ ድረስ ዜሮ ነው። ቋንቋውን ቀድማችሁ ጀምሩ። እኔን ያዋረደኝ ውድቀቱ አይደለም፣ ቋንቋው ነው። ደግሞ «አደገኛ ነው» ሲሏችሁ ስሙ። አገር ቤት የሠራ ብልሃት ሁሉ እዚህ አይሠራም። መኪና መቼ ትገዛለህ የምትሉኝም፣ ልገዛ እችላለሁ። ግን ሳይክል መንዳቴ ችግር እንዳይመስላችሁ። እማዬ፣ አንቺም አታልቅሽ። ደስ ብሎኝ ነው የምዘውረው።

ይህን ስጽፍ ያ ጓደኛዬ በድጋሚ ጻፈልኝ። አባቱ ትተውት የሄዱ አሮጌ ፎኒክስ ሳይክል አለው፣ ፊክስድ ላደርገው ነው ይላል። ቀለበቱን ሳታስር እንዳትሞክር ብዬዋለሁ። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ጎማውን፣ ጥርሱን፣ ቀለበቱንና መፍቻውን በፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።