ታኅሣሥ በሱባ ደን

ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው ወጨጫ ተራራ ላይ፣ ሱባ ደን ውስጥ ዋልኩ። የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰረስራል፤ ፀሐይ ባልደረሰበት ሣር ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። እኔ ግን ደኑን የምወደው በዚህ ወር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ።

መጀመሪያ የገባነው የተተከለው የፈረንጅ ጽድ ውስጥ ነበር። በመስመር የቆመ፣ ዕድሜው እኩል፣ ቁመቱ እኩል። ውስጡ ጨለም ይላል፤ የወፍ ድምፅ የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ ምንም አይኖርም እንዴ?» አልኳቸው አብረውኝ የሚሄዱትን የደን ጠባቂ።

«ታገሥ ልጄ፣ ወደ ላይ ነው ያሉት።»

እውነታቸውን ነው። የሐበሻው ጽድ ሲጀምር ሁሉም ነገር ተለወጠ። ግንዱ ወፍራም፣ ቅርፊቱ የተላላጠ፤ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። በመሃሉ ዝግባና ወይራ አለ፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶና አስታ። ጉሬዛዎቹ አናት ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቅጠል በል ስለሆኑ የሚቸኩሉበት ጉዳይ የላቸውም። ጥቂት እንደሄድን ከቁጥቋጦው የውሻ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ የምኒልክ ድኩላ ነበር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው። ወንዱ ጠቆር ያለ ነው። በደንብ ሳላየው ገደሉን ይዞ ወረደ።

ሶሪት የምትባለዋን ወፍ ግን ጠገብኳት። ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አረንጓዴ ናት፤ ስትበር ክንፏ ውስጥ ያለው ቀይ ቦግ ይላል። በዚያ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ ወፍ መዳብ ለብሳ ስትበር ማየት ለእኔ ከአንበሳ ይበልጣል። እዚያው ዛፍ ላይ አናቷ ጥቁር የሆነ ትንሽ ግራጫ ወፍ ፍሬ ትለቅማለች። ወንዱ ነው ቆቡ ጥቁር፤ የሴቷ ቡናማ ነው። የአውሮፓን በረዶ ሸሽተው መጥተው በጋውን ከእኛ ጋር የሚያሳልፉ እንግዶች ናቸው።

ይህን ጥንታዊ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ነገሩ እንደሚወራው ከሆነ፣ ዱር ብለን የምናደንቀውም መነሻው ተከላ ነው ማለት ነው። ታዲያ ከታች ያለውን የፈረንጅ ጽድ በምን አፌ ልናቀው?

ስለዚህ ስንመለስ፣ የፈረንጁ ጽድ ውስጥ ዓይኔን ከመሬቱ አልነቀልኩም። በረገፈው ቅጠል መሃል የዝግባና የወይራ ችግኞች ብቅ ብቅ ብለዋል፤ በመስመር ሳይሆን እዚህም እዚያም።

«ማን ተከላቸው?»

«ወፎቹ ናቸዋ! እዚያ ይበላሉ፣ እዚህ ይጥላሉ።»

የፈረንጁ ጽድ ጥላ ሆኖላቸዋል፤ ከብትም እንደ ልቡ አይገባም። የሚያሳስበኝ ቆረጣው ነው። ትልቁ ግንድ ተቆርጦ እየተጎተተ ሲወጣ ከሥሩ ያሉት ችግኞች አብረው ይደቃሉ። ይህንኑ ብነግራቸው ጠባቂው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ቆራጩ ወደ ላይ ነው የሚያይ፣ ወደ ታች አያይም» አሉኝ።