«ዴክሳ አለ?»

ሰኔ 2012 ላይ መገናኛ አካባቢ ባለች ትንሽ ፋርማሲ ነበር የምሠራው። እስከዚያ ድረስ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) የተባለውን መድኃኒት የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ መወፈር የሚፈልጉ ልጆች ነበሩ። (ውሃ መቋጠርና ፊት ማበጥ ነው እንጂ ጤናማ ውፍረት አይደለም፤ ስንቴ ተናገርኩ!)

ሰኔ 9 ማክሰኞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታዞን በጽኑ የታመሙ የኮሮና ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ ያሳየውን የሪከቨሪ ጥናት ውጤት ይፋ አደረጉ። በማግስቱ በሩን ሳልከፍት ሰው ቆሞ ጠበቀኝ።

አንድ የሰፈራችን አባት «የኔ ልጅ፣ ለጥንቃቄ ቤት ላስቀምጥ፣ አስር ፍሬ ስጪኝ» አሉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ነው።»

«ታዲያ ለኮሮና እንዴት ይሆናል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ ሲራባ የሚዋጋልን ያው መከላከያችን ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቆየት ብሎ ልክ ያጣል፤ የራሱን ሳንባ ያቃጥላል። መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፣ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን። በመተንፈሻ ማሽን ከነበሩት ታካሚዎች ሞት ከ100 ሰው 41 የነበረው ወደ 29 ወረደ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ምንም አልፈየደም።

በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶቹ ቶሲሊዙማብና ባሪሲቲኒብም በዚሁ መንገድ፣ ልክ ያጣውን መከላከያ ለማብረድ፣ ለኮሮና መጡ። የእነሱ ዋጋ ግን የሚቀመስ አልነበረም።

አባባ ረጋ ብለው ሰሙኝ። ማስክ ገዙ። ሲወጡ «እስቲ ማዶ ያለውን ልጠይቅ» ሲሉ ሰማኋቸው።