የአሮጌ ማርቼዲስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዕድሳት፦ ለጣርማ በር ዳገት የሚሆን ዕቃ አመራረጥ

ሥራው የደረሰበት፦ የደብሊው123 ሞዴል ማርቼዲስ 722.3 የተባለው ካምቢዮ ደብረ ብርሃን ላይ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቧል። የሚቀጥለው ዕቃ መምረጥ ነው። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ የዛሬው ማስታወሻ ስለ ምርጫው ነው።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ማንበብ። ከኮፓው (ከታች ካለው የዘይት መያዣ) ጠርዝ ከፍ ብሎ በካምቢዮው ጎን ላይ በ722 የሚጀምር ቁጥር ተመትቷል። ቀደም ያሉት ደብሊው123ዎች 722.1፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ወዲህ ያሉት 722.3 ናቸው። ዕቃቸው አይገናኝም። በሊብሬው ላይ ባለው ዓመት ማዘዝ አያስተማምንም፤ ካምቢዮው በፊተኛው ባለቤት ጊዜ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ የተለወጠ ሊሆን ይችላል።

የውጭ ካታሎግ ላይ "ማሻሻያ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ለእሽቅድምድም የታሰበ ነው። የእኛ መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ሲደረስ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል። በዚህ ዳገት ካምቢዮ የሚገድለው ሙቀት ነው። የ722.3 ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው) መቆለፊያ ፍሪሲዮን ስለሌለው ሁልጊዜ ይንሸራተታል፤ በመንሸራተት የጠፋው ጉልበት ዘይቱን ያፈላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው፤ ከተቻለ በቱቦ የተሠራው ሳይሆን በንብርብር ሳህን የተሠራው። ዘይቱ ከካምቢዮ ወጥቶ በመጀመሪያ በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ቀጥሎ ወደ ተጨማሪው፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ ይመለሳል። ራዲያተሩን ዘልሎ ማገናኘት ለሮቢት ይመች ይሆናል እንጂ ለደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ አይሆንም፤ ጠዋት ዘይቱን የሚያሞቀው የራዲያተሩ ውኃ ነው። የሥራ ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። 120ን እያለፈ የሚመላለስ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፣ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የማሸጊያ ጎማዎችም ያደርቃል።

ሞዱሌተሩ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ዕቃ የቫኪዩም (የአየር መሳብ ኃይል) ቱቦ የገባበት ትንሽ ክብ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደተጫነ ለካምቢዮው የሚነግረው እሱ ነው። ቫኪዩም ሲበዛ የካምቢዮው የዘይት ግፊት ይቀንሳል፣ ማርሹ ለስልሶ ይገባል፤ ቫኪዩም ሲጠፋ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማርሹ እየመታ ይገባል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው፤ ሮቢት ላይ 86 በመቶ ገደማ። በቤንዚን ሞተር ሞዱሌተሩ የሚያገኘው ቫኪዩም ደጋ ላይ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ራሱ ደግሞ በአየር ማነስ ይደክማል። ደካማ ሞተር ከከፍተኛ የዘይት ግፊት ጋር ሲገናኝ ማርሽ ይመታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞዱሌተሩን እያላላ ያለሰልሰዋል። ያው መኪና ሮቢት ሲወርድ ግን ሞተሩ ይበረታል፣ የዘይቱ ግፊት ያንሳል፣ ማርሽ የሚይዙት ዲስኮች ሸራ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ደጋ ላይ በመጠኑ የሚመታ ካምቢዮ ቆላ ላይ ከሚንሸራተት ይሻላል። ማስተካከል ካስፈለገ በሩብ ዙር ብቻ ይሁን፤ ወደ ቀኝ ማዞር ያጠነክራል። አሮጌ የአሜሪካ መኪና ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ለቲኤች400 እና ለመሰሎቹ ከፍታን ራሱ የሚያካክስ ሞዱሌተር ተሠርቶላቸዋል።

ናፍታ ላይ ቫኪዩሙ የሚመጣው ከቫኪዩም ፖምፓ ስለሆነ የከፍታው ጣጣ ያንሳል፤ ችግሩ ማፍሰስ ነው። የደብሊው123 የበር ቁልፍም በዚያው ቫኪዩም ይሠራል። የሞተሩ ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ ካለና ማርሹም ከመታ፣ ካምቢዮውን ከመውቀስ በፊት የበሮቹን ቱቦ መፈተሽ ነው። የሞዱሌተሩ ቱቦ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ከተገኘ ደግሞ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል፤ ይለወጣል።

ከውስጥ ዕቃዎች ሳይለወጥ መታለፍ የሌለበት የቢ2 ፒስተን (ከበሮውን የሚያቅፈውን ባንድ የሚያጠብቀው) ነው። የቀድሞው ዓይነት፣ በተለይ ጋዝ ተረግጦ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ይሰበራል። ምልክቱ መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ወደ ፊት እምቢ ማለቱ ነው። የተሻሻለው ፒስተን ከጎን ስለሚገባ ካምቢዮ ሳይወርድም ይለወጣል። ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀየር ሞተሩ ለቅጽበት ባዶውን የሚጮህ ከሆነ ኬ1 የተባለው ክላች ሞላዎች ኪት አብሮ ይታዘዝ። እነዚህ ከጎማዎቹ ጋር ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ ቀላል ዕቃዎች ስለሆኑ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ይቻላል።

ጎማ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ጠዋት ዲ ሲገባ ዘግይቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚስተካከል ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ የፒስተን ጎማው ደርቆበታል። ቪተን ጎማ ሙቀት ይችላል፤ ብርድ ላይ ደረቅ ይላል ቢባልም የደብረ ብርሃን ብርድ እስከሚያስቸግረው አይወርድም። ሸራ ያላቸው ዲስኮች ተራ የወረቀት ዓይነት ይሁኑ። ኬቭላር ባንድ ለዚህ ሞተር አያስፈልግም፤ ከበሮውን ይበላል። የብረት ዲስኮቹ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጥብ ካላቸው ይጣሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት መፍትሔ አይደለም። አዲሱ ሸራ ከመገጠሙ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘይት ውስጥ ይነከር። የዲስኮቹ ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) ሲለካ ለአንድ ሸራ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ማሰብ ነው፤ ልዩነቱ ውፍረቱ በሚመረጥ መያዣ ቀለበት ይስተካከላል።

ቀለበቶችንና ኩሽኔታዎችን በቦታቸው ለማቆየት ቫዝሊን እንጂ ግራሶ አይገባም። ቫዝሊን በዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ግራሶ ግን ተንሳፍፎ ፊልትሮና ቫልቮላ ይደፍናል። ኮፓው ከመዘጋቱ በፊት በየዘይት መግቢያው ከ2 እስከ 3 ባር አየር ይነፋ፤ ፒስተኑ "ዱብ" ብሎ ከያዘ ደህና ነው፣ "እስስ" ካለ ጎማው ተገልብጧል ወይም ተቆርጧል።

አሮጌው ዘይት ውስጥ ብረት ከታየ ኮንቨርተሩ ይለወጥ፤ ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ አጥቦ ማጽዳት አይቻልም። ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹም ይታጠቡ። ኮንቨርተሩ ሲገባ የካምቢዮው የዘይት ፖምፓ ላይ እስኪቀመጥ እያዞሩ መግፋት ነው። ሳይቀመጥ በቡሎን ተስቦ ከጠበቀ ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ፖምፓው ይሰበራል፣ ሥራው እንደገና ከዜሮ።

ዘይቱ ዴክስሮን 3 ይሁን፤ 8 ሊትር ቢገዛ ይበቃል። ሞተሩ ሳይነሳ 4 ሊትር ይጨመር፣ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ በጥቂት በጥቂቱ። የመጨረሻው ልኬት ሜዳ ላይ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሙከራው ከደብረ ብርሃን ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ፣ ረጋ ባለው መንገድ ይጀመር። የሮቢቱ ዳገት ዘይቱና ፊልትሮው አንዴ ከተለወጡ በኋላ ይቆይ፤ ያኔም ሲወጣ ማርሹ ከዲ ቀጥሎ ባለው ኤስ ላይ ይሁን።