ከጦሩ ወጥቼ ለምን ሪዘርቭ ገባሁ

የአሜሪካን ጦር ለቅቆ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይምላል። ሁለተኛ ያንን ዩኒፎርም ላልለብስ! እኔም ምዬ ነው የወጣሁት። ይኸው አሁን ግን ሪዘርቭ በሚባለው የትርፍ ጊዜ ጦር ገብቼ በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ ቡትሴን አጥብቄ በሌሊት እወጣለሁ፣ ባለቤቴም "ለቅቄያለሁ አላልክም እንዴ?" ማለቱን ከተወችው ቆየች። ለምን እንደተመለስኩ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚህ ጽፌው ልገላገል።

ብዙዎቻችን ስንፈርም ልብ የማንለው ነገር አለ። ወጣሁ ብትልም ሙሉ በሙሉ አልወጣህም። የመጀመሪያው ኮንትራት የሚያስገባህ ግዴታ በድምሩ 8 ዓመት ነው። 4 ዓመት በመደበኛው ጦር ካገለገልክ፣ ለቀሪው 4 ዓመት ስምህ አይአርአር የሚባለው የተጠባባቂ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ሥልጠና የለም፣ ደሞዝ የለም፣ ግን ከተፈለግክ ትጠራለህ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ ከዚያ መዝገብ ተጠርተው የዘመቱ ብዙ ናቸው። እና ስሜ እዚያ ካለ አይቀር፣ ለምን በነጻ ይቀመጣል?

ትልቁ ምክንያቴ ግን ጡረታው ነው። በመደበኛው ጦር ወርሃዊ ጡረታ የሚያገኘው 20 ዓመት የሞላው ነው። 6 ዓመት፣ 8 ዓመት፣ 12 ዓመት እንኳ አገልግለህ ብትወጣ እሱ የለህም። (በፈረንጆቹ 2018 የጀመረው አዲሱ አሠራር መንግሥት ለቁጠባህ የሚያዋጣልህ ገንዘብ ስላለው ባዶ እጅህን አትወጣም፤ ወርሃዊው ጡረታ ግን ያው 20 ዓመት ይጠይቃል።) ሪዘርቭ ስትገባ እነዚያ ዓመታት እንደገና ነፍስ ይዘራሉ። ሂሳቡ በነጥብ ነው። በመደበኛው ጦር ያሳለፍከው እያንዳንዱ ቀን 1 ነጥብ ነው። አንድ የድሪል፣ ማለት የወሩ ሥልጠና፣ ቅዳሜና እሁድ 4 ነጥብ ነው። አባል በመሆንህ ብቻ በዓመት 15 ይሰጥሃል። በዓመት ቢያንስ 50 ካገኘህ ዓመቱ ይቆጠርልሃል፣ እንዲህ ያለ 20 ዓመት ሲሞላህ ጡረታ አለህ። ክፍያው የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ 60 ዓመት ሲሞላህ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው ዓይኔ የተከፈተው። 6 ዓመት በመደበኛው ጦር ያገለገለ ሰው ወደ 2,190 ነጥብ ይዞ ይገባል። በወሩ ሥልጠና፣ በሁለቱ ሳምንት ዓመታዊ ሥልጠናና በአባልነቱ በዓመት 78 ገደማ እያገኘ 14 ዓመት ቢጨምርበት በጠቅላላው ወደ 3,280 ይደርሳል። ይህ አንድ ዓመት ተብሎ ለሚቆጠረው 360 ነጥብ ሲካፈል 9 ዓመት ከምናምን ነው፣ በአሮጌው ስሌት ለእያንዳንዱ ዓመት 2.5 በመቶ ሲታሰብ ከመሠረታዊ ደሞዙ ወደ 23 በመቶ ማለት ነው። አጠገቤ የሚሰለፈው፣ ከዜሮ በሪዘርቭ የጀመረው ልጅ 20 ዓመት ሙሉ ቢመላለስ፣ ሳይዘምት፣ በዚሁ ስሌት የሚያገኘው 11 ወይም 12 በመቶ ቢሆን ነው። እሱ 20 ዓመት ለፍቶ፣ እኔ 14 ጨምሬ እጥፉን እወስዳለሁ። ለዚህ ነው ሪዘርቭ ከማንም በላይ ለቀድሞ ወታደር ያዋጣል የምለው።

የወሩ ክፍያ? ብዙም አያኩራራም። ሁለት ቀን ሠርተህ የአራት ቀን መሠረታዊ ደሞዝ ይከፈልሃል፣ ርቀህ የምትኖር ከሆነ ግን ግማሹን ነዳጅ ይበላዋል። የጤና መድኑ ይሻላል። ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክት ይባላል፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከሚያቀርቡት በጣም ይረክሳል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆንክ ግን አትጓጓ፣ የመሥሪያ ቤትህን መድን ማግኘት ስለምትችል ይህኛው አይፈቀድልህም።

ስለ ገንዘብ ብቻ ሳወራ ነገሩ ሁሉ ንግድ መሰለ። አይደለም። ትናንት ሳርጀንት ብለው ይጠሩህ ነበር፣ ስትናገር ይሰሙህ ነበር። ዛሬ የምትገባበት ቢሮ ውስጥ ከአንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ኮፒ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብሎ ያስረዳሃል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን ማን እንደሆንክ ስለማያውቁ ነው። ያ ነገር ሰውን ዝም ያሰኛል፣ ቤትም ውስጥ ዝም ያሰኛል። በሪዘርቭ ክፍሌ ግን ስለ ራሴ ማብራራት አይጠበቅብኝም። በዚያ ላይ ሁሉም ሌላ ሕይወት አለው፤ ነርስ አለ፣ ከባድ መኪና ነጂ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ አለ። ሥራ ሲጠፋብኝ ቀድሞ የደወለልኝ ከእነሱ አንዱ ነው። ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ በአብዛኛው ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ ምሕንድስና የመሳሰለው ድጋፍ ሰጪ ክፍል ስለሆነ፣ ሲቪል ሥራህና የጦሩ ሥራህ የሚገናኙበት ዕድል ሰፊ ነው።

የማይጣፍጠውንም ልናገር። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ የሚሉት መልማዮቹ ናቸው። ማክሰኞ ማታ የሚመጣውን መልእክት፣ ሐሙስ ድረስ ይድረስ የሚባለውን ወረቀት ማንም አይቆጥርልህም፣ ማዕረግህ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ከቬተራንስ ጉዳዮች፣ ከቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት፣ የአካል ጉዳት ክፍያ የምትቀበል ከሆነ ይህን በደንብ ስማኝ፦ ለአንድ ቀን ከሁለቱም መቀበል አይቻልም፣ ድሪል የወጣህበትን ቀን ከአንደኛው መተው አለብህ። ሳታውቀው ሁለቱንም ከወሰድክ በኋላ መልስ ትባላለህ። መዝመትም አለ። ሪዘርቭ ማለት ቤት መቅረት አይደለም።

አሠሪህስ? በፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ያለው ዩሴራ የሚባለው ሕግ፣ ለግዳጅ ወይም ለሥልጠና ስትሄድ ሥራህን ይጠብቅልሃል፤ ገደቡ በድምሩ 5 ዓመት ነው፣ የወሩና የዓመቱ ሥልጠና ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የአለቃህን ፊት ግን አያበራልህም። አንድ የቀድሞ አለቃዬ ዓመታዊ ሥልጠናዬን "የአንተ ዕረፍት" ይለው ነበር፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ስንከባለል!

ባለቤቴን ያሳመናት ከላይ ከዘረዘርኩት አንዱም አይደለም። የትምህርት ጥቅሙ ነው። ጂአይ ቢል የሚባለውን ይህን የትምህርት ክፍያ ለልጅ ማስተላለፍ የሚቻለው አገልግሎት ላይ እያለህ ብቻ ነው። ቢያንስ 6 ዓመት አገልግለህ፣ ሌላ 4 ዓመት ለመጨመር መፈረም አለብህ። ጠቅልለህ ከወጣህ በኋላ ጥቅሙ ለራስህ ይሆናል እንጂ ለልጅ አይተላለፍም። በሪዘርቭ እየሠለጠንክ ከሆነ ግን በሩ ክፍት ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ፣ "የልጅቷ ኮሌጅ ከሆነስ ፈርም" አለችኝ። 4ቱ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ እንደገና እንነጋገራለን ብላለች። 20 ለመሙላት ገና ብዙ ስለሚቀረኝ፣ ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደማሳምናት ከአሁኑ እያሰብኩበት ነው።