ከቃሊቲ እስከ ሐዋሳ፦ በመንገድ ላይ ማን ማንን ሰላም ይላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በብስክሌት የሚወርድ ሰው በአሮጌው መንገድ መሄድ ግዴታው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድም ሆነ ከሞጆ ወደ ባቱ የተዘረጋው አዲሱ ፈጣን መንገድ ብስክሌት አያስገቡም። ስለዚህ ቃሊቲን፣ ገላንን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ ከዚያ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ናቸው። ጠቅላላው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ የክለብ ተወዳዳሪው፣ ሽንኩርት የጫነው ገበሬና ከካይሮ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ፈረንጅ ይተላለፋሉ። ከእነዚህ ማን ማንን ሰላም እንደሚል፣ ማን ዘግቶ እንደሚያልፍና ለምን እንደሆነ ነው የምጽፈው።

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ሰላምታ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጅቡቲ ከባድ መኪናና ሲኖትራክ አስፋልቱን ይዘውታል፤ ጠርዙ ላይ አሸዋና የተሰበረ ጠርሙስ አለ፤ የብስክሌተኛው ዓይን ከፊት ጎማው አምስት ሜትር አልፎ አይሄድም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን መንገዱ ገና ሳይሞላ የክለብ ልጆች ተሰልፈው ይመጣሉ። ብዙ ሰው በእነሱ ላይ ቂም የሚይዘው እዚህ ነው። እጁን ያወጣል፣ እነሱ ቀና ሳይሉ ያልፋሉ፣ «ኩፍሶች» ተብለው ይቀራሉ።

ነገሩ መሰላት አለበት። እነሱ በሰዓት 30፣ አንተ በ20 ኪሎ ሜትር ብትመጡ የምትቀራረቡት በ50 ነው፤ ይህም በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ነው። መነጽርና ሄልሜት ያደረገ ሰው ፊቱ የሚለየው 40 ሜትር ሲቀር ነው ብንል፣ ለማየትም ለመመለስም ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በዚያ ላይ በሰልፍ የሚሄድ ሰው የፊት ጎማው ከቀዳሚው የኋላ ጎማ በግማሽ ሜትር ውስጥ ነው። ጎማ ለጎማ ከተነካካ የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው፤ እሱ ሲወድቅ ደግሞ ከእሱ ኋላ ያሉት ይደረባሉ። ስለዚህ እጁን ከብስክሌቱ መሪ የማንሳት መብት ያለው ፊት ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እጁን ጉድጓድ ለማመልከት ይፈልገዋል። ሰልፍን ሰላም ማለት ከፈለግህ ዓይንህን በመጀመሪያው ላይ አድርግ፣ ከሩቅ ጀምር፣ መልስ ከመጨረሻው ሰው ጠብቅ። ከኋላው የሚከተለው ስለሌለ ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚያነሳው እሱ ነው።

እውነተኛው ኩራት የሚታወቀው ብስክሌቱ ሲቆም ነው። ቢሾፍቱ ወይም ሞጆ ላይ ቡና ለመጠጣት ወርዶ፣ ትንፋሹ ተመልሶለት፣ ጊዜ እያለው ሰላም የማይል አለ። ዓይኑ መጀመሪያ ቸርኬህን ያያል፣ ከዚያ ማርሹን፣ ከዚያ ጫማህን፤ ሦስቱ ካላረኩት ፊትህ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ይህን ልማድ ከልቤ እጠላዋለሁ። ምንጩ ግን ይገባኛል። በአገራችን ስምንት ኪሎ የሚመዝን የውድድር ብስክሌት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ የፍሬን ገመዱ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ፣ ከዚያ ለመድረስ ስንት ነገር እንዳለፈ የክለብ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ በመከራ የተገኘ ነገር ባለቤቱን ከሌላው የተለየ አድርጎ እንዲያይ ይፈትነዋል። የሚያሳዝነው፣ ያን ፈተና የማያልፈው ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪው አለመሆኑ ነው፤ ውድ ብስክሌት ገዝቶ የማይወዳደረው ነው። ተወዳዳሪ ልጆች ስለ መንገዱ ስትጠይቃቸው የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ አስፋልቱ እንደተቆረጠ ሳይቀር ይነግሩሃል።

ማን ይጀምር ለሚለው የቆየው ሥርዓታችን መልስ አለው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርድ ነበር፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ነው ዝቅ የሚለው። በብስክሌትም መሆን ያለበት እንደዚያ ነው እላለሁ፦ መንገዱ የቀለለለት ይጀምር። ቁልቁለት የሚወርደው ዳገት የሚወጣውን፣ ባዶው የጫነውን፣ ማርሽ ያለው ማርሽ የሌለውን፣ የሚቀድመው የሚቀደመውን።

መቅደም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ28 የሚሄድ በ14 የሚሄደውን ሲደርስበት ልዩነቱ በሰከንድ አራት ሜትር ያህል ነው። ከኋላው 15 ሜትር ሲቀር ረጋ ባለ ድምፅ «እንደምን አደሩ፣ በግራ ነኝ» ማለት በቂ ነው፤ ጆሮው ሥር ደርሶ መጮህ ወይም በዝምታ እየቦረሩ ማለፍ ሰውየውን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ድምፅ ወደሰማበት ዞሮ ሲያይ መሪውም አብሮት ይዞራል። ከመቂ በኋላ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ማለት ይበልጥ ያዋጣል፤ ከሰዓት ከሆነ «አካም ኦልተን»።

ሁሉም በብስክሌት የሚኖርበት አገር የሚጀምረው ከመቂ እስከ ባቱ ነው። ሜዳ ነው፣ አትክልት የሚመረትበት ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሣርና ውኃ በብስክሌት ይሄዳል። ብስክሌቱ ባለ አንድ ማርሽ የቻይና ብረት ነው፤ ባዶውን ከ20 ኪሎ አያንስም። የኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሊትር ጄሪካን ሲታሰርበት ተጨማሪ 40 ኪሎ ይሆናል። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። ውኃው ጄሪካኑን ካልሞላው ደግሞ ይብሳል፤ ውስጡ እየተናጠ በያንዳንዱ ፔዳል ብስክሌቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ይህ ሰው እጁን ከመሪው ቢያነሳ ይወድቃል። ሰላምታህን በአገጩ ቢመልስልህ ሙሉ መልስ ነው፤ ባይመልስም አትቀየመው። አንተ ግን በድምፅ ሰላም በለው፤ በእጅ ምልክት ካደረግህለት እሱም በእጁ ለመመለስ ይሞክርና አደጋ ይሆናል። በኛ አገር መንገዱ በቀኝ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው በግራህ ነው የሚያልፈው፤ እጅ ማንሳት ካለብህ ግራህን አንሳ። በብዙዎቹ ብስክሌቶች የቀኙ እጀታ የኋላ ፍሬን ነው፤ በአንድ እጅ ለማቆም የሚሻለው እሱ ነው። በአንድ እጅ የፊቱን ድንገት መጨበጥ ግን አሽቀንጥሮ ይጥላል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚያጋጥመው ሌላው ነገር እሽቅድምድም ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ከኋላህ ድንገት ይነሳና አንገቱን ደፍቶ ያሳድድሃል። ለእሱ ይህ ሰላምታ ነው፤ ጥለኸው ብትሄድ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። እኔ የምመክረው ማርሽ ቀንሶ ጎን ለጎን መሄድ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቀህ። የብዙዎቹ የፍሬን ጎማ አልቋል፤ የሚያቆሙት የሸበጣቸውን ሶል ጎማው ላይ በመጫን ነው፤ እግራቸውን ሲያነሱ ብስክሌቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከኋላህ ተለጥፎ ነፋስ የሚሸሽ ከሆነም አትቆጣው፣ ግን አስጠንቅቀው። ይህ በክለብ ልጆችም ዘንድ አንድ ነው፦ ሳያስፈቅዱ ከሰው ጎማ ኋላ መጠጋት ነውር ነው፣ «ልያዝ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የማይከለከል ነገር ነው።

ከባቱ በኋላ ግራር ይበዛል፤ ኩራት የሚሰበረውም እዚህ ነው። አዳሚ ቱሉን አልፈን ያየነው ይኸውና፦ የውድድር ብስክሌት የያዘ ጎልማሳ ሁለት ጊዜ ተበስቶበት መንገድ ዳር ቆሟል። ሽንኩርት የጫነ ገበሬ ብስክሌቱን ግራር ላይ አስደግፎ ወረደ። ካላማዳሪውን በአፉ ጥቂት ነፋ፣ ከንፈሩ አጠገብ እያዞረ ቀዳዳውን በትንፋሹ ቅዝቃዜ አገኘው። ከዚያ ሰውየው ያላደረገውን አደረገ፦ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወስዶ በጎማው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን ጎተተው። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። የእሾሁ ጫፍ እዚያው ተሰብሮ ቀርቷል፤ ከውጭ አይታይም፤ ሁለተኛውን ቀዳዳ ያበጀው እሱ ነበር። በፒንሳ ነቀለው። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ማስቲሹን ከልጥፉ ሰፋ አድርጎ በስሱ ቀባ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ ያህል፣ ማስቲሹ ጣት ላይ የማይያዝ እስኪሆን። ቸኩሎ እርጥቡ ላይ የለጠፈ ሰው አስፋልቱ ሲግል ልጥፉ ተነስቶ ያገኘዋል። ልጥፉ ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳሳው፤ ምክንያቱም የውድድር ጎማ 90 ፒኤስአይ ያህል ይሞላል፣ ወፍራም ጠርዝ በዚያ ግፊት አየር ያሾልካል። ጎማውን መልሶ በማንኪያ እጀታ ሊያስገባ ሲል ብቻ ባለቤቱ ከለከለው፤ ቸርኬው ካርቦን ነበርና ብረት ይሰነጥቀዋል። በእጅ መዳፍ ተገፍቶ ገባ።

ገንዘብ ሲዘረጋለት አልወሰደም። ያልተከፈተ የማስቲሽ ቱቦ ሲሰጠው ግን ደስ ብሎት ተቀበለ፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ማስቲሽ ስለሚደርቅ ሁልጊዜ ይጎድላል። በዚህ መንገድ ለሚወርድ ሁሉ ሁለት ትርፍ ቱቦ ለሌላ ሰው ብሎ እንዲይዝ እመክራለሁ። ከዚያ ጋር ለቀጭን ቫልቭ የምትጠለቅ ትንሿን የናስ መቀየሪያ ይያዝ። የጎሚስታው መጭመቂያ አፍ ለመኪናው ወፍራም ቫልቭ የተሠራ ነው፤ መቀየሪያዋ ከሌለች ስንት ሺህ ብር ያወጣ ጎማ ባቱ መሃል ባዶውን ይቆማል።

ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ከ1,600 ሜትር ገደማ ወደ 2,000 ይወጣል። ዳገቱ ረጋ ያለ ቢሆንም ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ይከብዳል። ሻንጣ የጫኑ ፈረንጆች የምናገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄደው የቡድን ጉዞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ብቻቸውን የሚሄዱም አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ያየ «ናቁን» ይላል። የብዙዎቹ ታሪክ ሌላ ነው፤ ልጆች ሲጮሁባቸውና ድንጋይ ሲወረውሩባቸው ነው የሰነበቱት። ከትከሻ በላይ የተነሳ እጅ ሲያዩ ይሸማቀቃሉ። እኛ መዳፋችንን ከፍተን በመሪው ቁመት ብቻ ስናሳይ ወዲያው ፊታቸው ይፈታል። ከቆሙ የሚጠቅማቸውን ንገራቸው፦ ቀጣዩ ውኃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ አስፋልቱ የት እንደተበላሸ፣ የትኛው ከተማ ላይ ማደሪያ እንዳለ። ዳገት ላይ ያለ ሰው በ9 ወይም በ10 ስለሚሄድ ቃል ለመለዋወጥ ጊዜ አለ፤ ትንፋሽ ግን የለውም። «አይዞህ» ወይም «ጀባዹ» በለውና መልስ አትጠብቅ።

ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ሲደረስ ሰላምታው ይጠፋል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ብስክሌቱ ብዙ ነው፤ በየአሥር ሜትሩ ሰላም የሚል ሰው ሥራ ቦታው አይደርስም። ቦታውን ደወልና የእጅ ምልክት ይይዙታል፦ ከመታጠፍ በፊት ክንድ መዘርጋት፣ ባጃጅ ከመቅደም በፊት ሁለት ጊዜ መደወል። ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይከፋዋል፤ ምክንያቱን ካወቀ ግን አይከፋውም። በመመለሻው የጥቁር ውኃን ወንዝ ሲሻገርና ብስክሌተኛው ሲሳሳ፣ ከፊት የሚመጣው እንደገና ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል።