ሐይቅ፣ ግሸን፣ ባቲ፦ በአንድ ቀን የሚሞላ አገር

ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ሐይቅ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ይወርዳል። ደሴ የጦሳን ተራራ ተደግፋ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች መስከረም ሊያልቅ ሲልም ጉሙ አይለቃትም፤ ሐይቁ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ተራራ በከበበው ጎድጓዳ ስፍራ ነው ያለው። እኔና የአክስቴ ልጅ በ2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳነው ለግሸን ማርያም ንግሥ ነበር። «ወሎ ድረስ መጥተሽ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳታዪማ አትመለሺም» ብሎ መኪናውን ወደ ሐይቁ ያስጠመዘዘው እሱ ነው። የሚያየው ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም።

ስለዚህ እሱ ገዳሙንና ሙዚየሙን ሊያይ ሲገባ እኔ ውሃው ዳር አንድ ዛፍ ሥር ቀረሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ሆኖም ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ገዳሙን ማየት የራሱ ጥቅም አለው፤ ለምን እዚያ እንደተሠራ ይገባችኋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። ዛሬ ውሃው ሸሽቶ በአንድ ጎኑ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባበታል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ሲያቀኑ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ሊማሩ ሲመጡ፣ የፈለጉት ይህንኑ ከዓለም መለየት ነው። አጼ ይኩኖ አምላክም በልጅነታቸው እዚሁ እንደተማሩ ይነገራል።

ለመነኩሴ መገለል ሀብት ነው። ለአስጎብኚም ሀብት ነው፤ ልዩነቱ አስጎብኚው መገለሉን መሸጥ የሚችለው እዚያ የሚያደርስ ነገር ካለው ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። የምተዳደረው የአውሮፕላን ትኬት በመሸጥ ነው። አዲስ ተጋቢዎች መጥተው «ሲሸልስ ይሻላል ማልዲቭስ?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሠርጉ በየትኛው ወር እንደሆነ ነው። ሲሸልስን ለሥራ ሄጄ አይቻታለሁ። 115 ደሴቶች ናቸው፤ ትልቁ ማሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ማሄ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ እስኪከፈት ድረስ ወደዚያ የሚኬደው በመርከብ ነበር፤ ከሞምባሳ ተነስቶ ቀናት ይፈጃል። ያ ግራጫ ግዙፍ ድንጋይና ያ ነጭ አሸዋ ሚሊዮን ዓመታት እዚያው ነበሩ። ቱሪዝም የሚባለው ነገር የመጣው ግን ማኮብኮቢያው ሲነጠፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሕዝቧ መቶ ሺህ ገደማ ለሆነች አገር፣ ከ380 ሺህ በላይ እንግዳ ገባ።

አየሩም ያግዛቸዋል። ሲሸልስ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ሌሎቹን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚያወድመው አውሎ ነፋስ ዋና ደሴቶቿን ብዙ አይነካቸውም። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ በአንዱ ዳርቻ ባሕሩ ይናወጣል፤ በሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ግን በዚያው ሰሞን ጸጥ ይላል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳው የባሕር ዳር ይቀይራል እንጂ አገር አይቀይርም። የእኛ ደጋ እንዲህ ዓይነት ምርጫ የለውም፤ ሐምሌ ከሆነ በሁሉም በኩል ሐምሌ ነው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ ወጣት ጀልባ ቀዛፊ መጣ። «እትዬ፣ ዞር ዞር ላድርግዎት?» አለኝ። በገንዘቡ ተስማማንና ወጣሁ። ገዳሙ ከውሃው ላይ ሲታይ ደሴትነቱ ይመለሳል፤ የብስ ያገናኘው ጎን ከዓይን ይሰወራል። ቀዛፊው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበትን ቦታ አሳየኝ። ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው ያስገቡት ነው፤ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ዓሣ በላሁ የሚል መንገደኛ ባብዛኛው የሚበላው እሱን ነው።

«በክረምት ሥራ አለ?» ስል ጠየቅሁት።

«በክረምትማ ማን ይመጣል! ያኔ ዓሣ ነው የምንይዘው፣ እንግዳ አንይዝም» ብሎ ሳቀ። «እንግዳ ለግሸን ሲያልፍና ተግሸን ሲመለስ ነው። ነገና ተነገ ወዲያ ቢመጡ ጀልባ ላያገኙ ይችላሉ። ተዚያ ወዲያ ጭር ነው።»

«ታዲያ ዓመቱን እንዴት ትዘልቁታላችሁ?»

«አብሽሩ እትዬ፣ አላህ አለ። እርሻም አለ።»

ሐይቁ ውሃውን የሚያፈስበት መውጫ ስለሌለው ከፍታው የሚወሰነው በዝናቡና በትነቱ መካከል ባለው ሒሳብ ነው። ዝናብ ለጀልባው ጠላት፣ ለሐይቁ እናት ነው ማለት ነው። የፓላው ነገር ትዝ አለኝ። ፓላው በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለች ትንሽ የደሴት አገር ናት፤ ሰው ከሩቅ የሚሄድላት በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከማይናደፉ ጄሊፊሾች ጋር ለመዋኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤልኒኖ ጋር የመጣው ድርቅ የሐይቁን ጨዋማነት ለወጠውና እነዚያ ሚሊዮን ጄሊፊሾች ጠፉ ማለት ይቻላል። ጉብኝቱ ተቋረጠ፤ እንስሶቹ እስኪያንሰራሩ ዓመታት ወሰደ። ድርቅን ለወሎ ሰው ማንም አያስተምረውም፤ 66ንም 77ንም የሚያስታውስ ቤት ሁሉ አለ። ነገር ግን ድርቅ የቱሪስት ሥራን እንዲህ አንድ ነገር መርጦ ሊነጥቅ እንደሚችል ያኔ ነው ያሰብኩት።

ወደ ግሸን የሄድነው በማግስቱ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ትቶት የሄደው ጭቃ አልደረቀም፤ አንድ አውቶቡስ ተይዞ ከኋላው ያለን ሁሉ ወርደን በእግር ያለፍነው ቦታ ነበር። አምባው ከሩቅ ሲታይ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከላይ ሲያዩት የመስቀል ቅርጽ እንዳለው ይነገራል፤ እዚያም ግማደ መስቀሉ አርፏል። ዙሪያው ገደል ነው። መግቢያው አንድ በር ነው። ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ዙፋን እንዳይሹ እዚህ አምባ ላይ ያግዟቸው የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ በር ለመጠበቅ ብዙ ወታደር አይጠይቅም።

ያን ቀን በዚያ በር የሚገባውን ሕዝብ አይቼ አፌን ያዝኩ። አዛውንት እናቶች በምርኩዝ፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ከጎጃም በእግራቸው የመጡ፣ ከአዲስ አበባ በአነስተኛ አውቶቡስ የመጡ። ማንም ስለ አየሩ ጠይቆ የመጣ የለም። መስከረም 21 ዘነበም አልዘነበም መስከረም 21 ነው። ማታውን ጋቢያችን ውስጥ ተኮራምተን ውርጩን ስናሳልፍ አንዲት እናት «ልጄ፣ ያልቀዘቀዘው ሰው ግሸንን አየሁ አይበል» አሉኝ፤ ከራሳቸው ጥሬ ቆንጥረው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

ከደሴቶቹ ጋር ሳነጻጽረው የታየኝ ይህ ነው። ማልዲቭስ የምትሸጠው አየሩን ራሱን ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅ ወቅቷ ነው፣ ዋጋውም ያኔ ይወጣል፤ ከግንቦት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። እንግዳው ወራቱን ሙሉ ተበትኖ ስለሚመጣ አልጋውም አስተናጋጁም ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለው። ወሎ ግን በወቅት አትኖርም፣ በቀን ነው የምትኖረው። ግሸን መስከረም 21፣ ላሊበላ ታኅሣሥ 29፣ ባቲ ሰኞ። ደሴ ያደርንበት ሆቴል ለዚያ ሰሞን የጠየቀን ዋጋ ከወትሮው እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ግን ባለቤቱ ቀሪውን ዓመት ባዶ ክፍል እየጠረገ እንደሚኖር ሳስብ ንዴቴ በረደ። በረደ እንጂ አልጠፋም፤ ፍሳሽ የሌለው መታጠቢያ ቤት በእጥፍ ዋጋ አይሸጥም።

ባቲን በአጭሩ ልለፈው፤ ለሰኞ ገበያ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርደን አየነው። ባቲ ገበያ የሆነችው በቦታዋ ነው፤ ደጋው የሚያልቅበት፣ የአፋር ቆላ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ግመል የሚነዳው ሰው ወደ ብርዱ መውጣት አይፈልግም፣ በቅሎ የሚጭነውም ወደ ሐሩሩ መውረድ አይፈልግም፣ ስለዚህ መሐል ላይ ይገናኛሉ። አፋር፣ ኦሮሞ፣ አርጎባ፣ አማራ በአንድ ሜዳ። ማክሰኞ የደረሰ ቱሪስት ሜዳውን ብቻ ያያል። ስሟን ግን ሳያያትም ያውቀዋል፤ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነው በየቤቱ ገብተዋል። ይህን የመሰለ ማስታወቂያ ማልዲቭስም የላት።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ፀሐያችንን ለዓለም አስተዋወቁ። በጣም ጎበዝ ነጋዴ ነበሩ። አውሮፓዊው በጨለማ ክረምት ሲማቅቅ ፀሐይ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። ግን በሐምሌ ላስታ የደረሰ ሰው ያን መፈክር አስታውሶ ማማረሩ አይቀርም። ላሊበላ ዝናቡ እንግዳ ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፤ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን ቤተ ክርስቲያኖችም እያላላ ይሸረሽራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዳንዶቹ ላይ የተተከለው ያ ግዙፍ መጠለያ የመጣው ለዚህ ነው። ከዝናቡ አዳናቸው፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ የመጠለያው ክብደት ራሱ ይጎዳቸዋል ብሎ ሰጋ። ፎቶ የሚያነሳው እንግዳም ያማርራል፤ የእሱን ምሬት ግን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ቦታው ማማሩ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ለሚጠራጠር ቱቫሉን አስባለሁ፤ እሷም በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለች ትንሽ የደሴት አገር ናት። ያው የኮኮናት ዛፍ፣ ያው ውሃ አላት። ዋና ማኮብኮቢያዋን አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው የሠሩት፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የገባው እንግዳ 4 ሺህ አይሞላም፤ ግሸን ላይ በአንድ ሌሊት ያየሁት ሕዝብ ይበልጠዋል። ወደዚያ የሚበረው ጥቂት፣ ርቀቱ ብዙ፣ ትኬቱ ውድ ነው። ወሎ ውስጥም ቱቫሉ የሆኑ ቦታዎች ሞልተዋል። ቦረና ሳይንት ያለው ደን ጭላዳ አለው፣ ቀይ ቀበሮ አለው፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነውና ስሙን የሚጠራልኝ ደንበኛ የለም።

አንድ በር ያለው አገር በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እኛ ግሸን በሄድንበት በዚያው በ2012 ዓ.ም. ታየ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ማልዲቭስ እስከ ሐምሌ ድረስ ለጎብኚ ተዘጋች። እኔም ትኬት መሸጥ ትቼ ትኬት መሰረዝ ሥራዬ ሆነ። እነሱ ግን እያንዳንዱ ሪዞርት ብቻውን አንድ ደሴት ስለሆነ እንግዳን ከሕዝብ ለይቶ ማስተናገድ ቀለላቸው፤ መገለላቸው መልሶ ጠቀማቸው፣ ቶሎ ከፈቱ። ወሎ ግን ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ገባ። ለዝናብ ወሩ ይታወቃል፤ ለጦርነት አይታወቅም፤ ከዚያ ወዲህ ላሊበላ የሚል ደንበኛ ሲመጣ የምጠይቀው ስለ አየሩ አይደለም።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ሐይቅን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢያየው ይሻላል፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ማሳው ገና አልታጨደም፣ ሴቶች ደግሞ ገዳሙን በጀልባ ዞረው ሊያዩት ይችላሉ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። ግሸንን ለንግሡ ካልሆነ ከጥር በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ። ባቲ ሰኞ ጠዋት በጊዜ መግባት ነው፤ እኩለ ቀን ካለፈ ሙቀቱ አያስቆምም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደሴ ለሚያውቃችሁ ሰው ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።